በራሪው ቱቦ

ሌኔዥያ፣ ጆሃንስበርግ
ኤፕሪል 2 ቀን 1987

አና ታቫ፣

«አና» የምልህ ታላቄ ሆነህ ስለተወለድክ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ አንተም እኔም አልመረጥነውም። ለሳራስ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ያንተ ሚስት በመሆኗ አዝንላታለሁ እንጂ በእሷ ቅያሜ የለኝም።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ደግሞ ጮክ ብዬ ለባለቤቴ ለሩክሚኒ አነበብኩት። ሰምታ ስታበቃ «ይሄ ሰውዬ የሰው ቧንቧ ሲጠግንም እንዲህ ነው የሚናገረው?» አለችኝ። የእማ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ኮሪደርህን ስለዘጋብህ መጥቼ እንድወስድልህ ታዘኛለህ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልዘጋው ኮሪደር ዘንድሮ ምን አግኝቶት እንደጠበበ አልገባኝም። ከዚያ በመጨረሻው መስመር ላይ፣ እንደ ዋዛ፣ «እማ ደህና አይደለችም፤ የእናት እሳት የማን እንደሆነ ታውቃለህ» ትለኛለህ።

አውቃለሁ። የአባትን አስከሬን የሚለኩሰው የበኩር ልጅ ነው፤ የእናትን የመጨረሻው ልጅ። አባታችንን አንተ ለኮስክ፣ እማን እኔ እለኩሳለሁ። ማንም እንዲነጥቀኝ አልፈቅድም፣ አንተም እንድታስታውሰኝ አልፈልግም። ግን በአንድ ገመድ ሁለት ጊዜ አትጎትተኝም። የዛሬ ሁለት ዓመት «እናት ልቧን ታማለች ድረስ» የሚል ቴሌግራም ላክህ። ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር እያለቀስኩ ነድቼ ስደርስ እማ ምድጃው ጋ ቆማ ሻድ ዓሣ ትጠብሳለች። «ከስተሃል፤ እጅህን ታጠብ» አለችኝ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእናንተው ውሸት እኮ አንድ ሌሊት እንኳ አላደረም።

ዘንጉን በባቡር ላክልኝ። ስልክ እንዳትደውል። ባለፈው በጎረቤቴ ስልክ ደውለህ የሰደብከኝን ስድብ የጎረቤቴ እናት እስከ ዛሬ ለእንግዳ ትተርከዋለች።

ሎገን


ቻትስዎርዝ፣ ደርባን
ኤፕሪል 13 ቀን 1987

ታምቢ፣

እኔም «ታምቢ» የምልህ ታናሽነትህን እንዳትረሳ ነው። ሳራስ ሰላምታህ ደርሷታል። ሐዘንህን ግን ለራስህ አስቀምጠው ብላሃለች።

ያልከውን አድርጌያለሁ። ዘንጉን በትከሻዬ ተሸክሜ ጣቢያ ወሰድኩት። አውቶቡስ ስለማያስገባው በእግሬ ነው የሄድኩት። የዕቃ ክፍሉ ሰውዬ አየውና «የዓሣ ዘንግ ነው የስልክ እንጨት?» አለኝ። ከሦስት ሜትር በላይ አይቀበሉም፤ ይሄ አራት ሜትር ከሃያ ነው። ወጥ ቀርከሃ ስለሆነ ተነቅሎ አይታጠፍም። ለሁለት ቆርጬ ልላከው ወይ ብዬ እማን ብጠይቃት «መጀመሪያ እኔን ቁረጠኝ» አለችኝ። ከዚያ ብቻዋን ትስቅ ጀመር። አሳሳቋን አልወደድኩትም።

ስለዚህ ያለው መንገድ አንድ ነው። በመኪናህ ጣሪያ ላይ መጫኛ ሠርተህ ና። ትችል የለ? ስትሠራ እኮ አይተንሃል። የዛሬ ሦስት ዓመት ዓሣ ልናጠምድ ስንሄድ፣ በኢሎቮ ቁልቁለት ላይ ዘንጎቹን የያዘው ቱቦህ ከመኪናዬ ጣሪያ ተነስቶ በሰማይ ሲሄድ፣ ከኋላችን የነበሩት ሦስት መኪና ጎረቤቶቻችን በሙሉ አይተዋል። የአባታችንን ዘንግ አውቶቡስ ሲረግጠውም አይተዋል። የእማ ዘንግ ሸንኮራ ማሳ ውስጥ ስለወደቀ ነው የተረፈው። የሰፈሩ ሰው እስካሁን ስምህን አይጠራም፤ «በራሪው ቱቦ ደህና ነው?» ነው የሚለኝ።

መለኪያውን እነግርሃለሁ፣ በኋላ አልነገረኝም እንዳትል። የፍሳሽ ቱቦ ፈልግ፣ መዳፍህ የሚገባበት። ርዝመቱ አራት ሜትር ተኩል። በመሐሉ ቀጥለው፣ ቅጥሉን ደግሞ በማጣበቂያ ብቻ አትመነው። ከሥሩ ሁለት እንጨት አጋድም፤ እንጨቶቹ የጣሪያውን ጠርዝ በብረት መንጠቆ ይያዙ። ሠላሳ ዓመት ቱቦ የቀጠለ ሰው ነው የሚነግርህ፣ ቢሮ ተቀምጦ ወረቀት የሚቀጥል አይደለም።

ቴሌግራሙን እኔ አልላክሁትም። ቃሉን የነገረችኝ እሷ ናት፣ እኔ ጻፍኩ ብቻ። እምቢ ብላት ራሷ ሄዳ ታስጽፈው ነበር። እናትህን ታውቃታለህ።

እማ እንዴት ናት ብለህ ባትጠይቀኝም፣ ትበላለች። ስኳሯ ከፍ ዝቅ ይላል። በየዓመቱ ወደ ባሕሩ ዳር የሚጎርፈው ሰርዲን ዓሣ ዘንድሮ መቼ ይመጣል ብላ በየቀኑ ትጠይቃለች።

ታቫ


ሌኔዥያ
ሜይ 4 ቀን 1987

አና ታቫ፣

ሠርቻለሁ። ይሄንን ስታነብ ፊትህ እንዴት እንደሚሆን ማየት አምሮኝ ነበር።

ሦስት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል። የፍሳሽ ቱቦህን ተከትዬ፣ ቅጥሉን ከውስጥም ከውጭም አጥብቄ፣ የፊቱን አፍ ለዘለቄታው ደፍኜ፣ የኋላውን በሚሽከረከር ክዳን ዘግቼዋለሁ። አራት የብረት ቀለበት፣ ስምንት ዳዶ። የሰፈሩ ሰው በየተራ እየመጣ ያየዋል። ከዚህ እስከ ባሕር የአንድ ቀን መንገድ ስለሆነ ቀልደኛው በዝቷል። አንዱ «ባሕሩ በየት በኩል ሊመጣልህ ነው?» አለኝ። ሌላው ሽማግሌ ደግሞ ዝም ብሎ ዞሮት ዞሮት «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ብሎኝ ሄደ። የመጋረጃ እንጨት ከትቼበት እስከ አውራ ጎዳናው ወስጄ መለስኩት፤ ወይ ፍንክች።

እየሠራሁ ግን ነገርን ነገር አነሳው። ቱቦው የበረረ ቀን ጠዋት፣ ያንተ ግቢ ውስጥ፣ ዳዶዎቹን አንድ በአንድ በመፍቻ አጥብቄ ነው ለቁርስ የገባሁት። ክዳኑን ያደረግሁት ወደ ኋላ ነው፤ ነፋስ ከፊት ይመጣል፣ ከፊት የሚከፈት ቱቦ ደግሞ ነፋስ ይውጣል። ይሄን ሕፃን ያውቀዋል። ኢሎቮ ላይ ግን ከሁሉ በፊት ያየሁት ክዳኑ በመስታወታችን ፊት ሲበር ነው። ከኋላ የታሰረ ክዳን በምን ተአምር ከፊት ይበራል?

ሦስት ዓመት ሙሉ አልጠየቅሁህም። መንገድ ዳር አቁመህ በጎረቤት ፊት «እናትህን ልትገድላት ነበር» ስትለኝ እኔም ራሴን ተጠራጥሬ ነበርና። በዚያ ነው ሰፈሩን ለቅቄ የወጣሁት። እንግዲህ ዛሬ ጠየቅኩህ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

አንድ ሌላ ነገር። እማ ሁልጊዜ ከደብዳቤህ ግርጌ የምትጨምራት መስመር ነበረች፤ በታሚል ፊደል፣ ጠማማዋን፣ «በደንብ ብላ» የምትለዋ። ባለፉት ሁለት ደብዳቤዎችህ ላይ የለችም። ለምን?

ሎገን


ቻትስዎርዝ
ሜይ 15 ቀን 1987

ታምቢ፣

ስለ ክዳኑ የምመልስልህ የለኝም። የደነገጠ ሰው ብዙ ነገር ያያል። ያለፈውን ቱቦ ትተህ የያዝከውን ጠብቅ።

የፊቱን አፍ መድፈንህ ጥሩ ነው። ዘንጉን ስታስገባ ወፍራሙ ጫፍ ወደ ፊት፣ ቀጭኑ ወደ ኋላ ይሁን። በየመቶ ኪሎ ሜትሩ ወርደህ ዳዶዎቹን በእጅህ ዳስሳቸው። መንገድ እየነቀነቀ ያላላቸዋል።

እማ መስመሯን ያልጻፈችው ጠረጴዛው ድረስ መምጣት ስላስቸገራት ነው። እንዳልነግርህ አስምላኝ ነበር። መሐላዬን ዛሬ አፈረስኩ፤ ኃጢአቱ በአንተ ላይ ይሁን። ማርች 9 ቀን ቀኝ እግሯን ከጉልበቷ በላይ ቆረጧት። ጣቷ ላይ የሾህ ቁስል ነበር፣ ስኳሩ አላድን አለው፣ ጠቆረ። «ልጄ እኔን ብሎ ይምጣ እንጂ ጉቶዬን ለመሳለም እንዳይመጣ» አለች። ለዚህ ነው ስለ ዘንጉ የጻፍኩልህ። ሐሳቡ የራሷ ነው። «ዘንጌን ውሰድ በለው፣ ዘንጌን እምቢ አይልም» አለችኝ።

ቁስሉ አልደረቀም። የሆስፒታሉ ሐኪም ሌላኛውንም ሊቆርጡ እንደሚችሉ ነግሮኛል፤ እሷ አሻፈረኝ ብላ ወደ ቤት ተመልሳለች። ሰርዲኑን ሳላይ የትም አልሄድም ትላለች። እንድትመጣ አልለምንህም። እየነገርኩህ ነው።

ታቫ


ሌኔዥያ
ሜይ 24 ቀን 1987

አና፣

ባለፈው ልብ ነበር፣ ዘንድሮ እግር ሆነ። የሚመጣው ዓመት ደግሞ ምኗን ልትቆርጥላት ነው?

አታፍርም። በአንዱ ወር «ትበላለች፣ ስኳሯ ከፍ ዝቅ ይላል» ብለህ ጻፍክልኝ፤ በሚቀጥለው ወር እግሯ ከማርች ጀምሮ የለም። ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው፤ ዋሽቶ የጻፈው እጅ ደግሞ አንድ ነው። ሩክሚኒ «እውነት ቢሆንስ?» አለችኝ። እውነት ቢሆን ኖሮ፣ አልኳት፣ ስለ ክዳኑ የጠየቅኩትንም ይመልስልኝ ነበር። ቀላሏን እውነት የደበቀ ሰው ከባዷን አምጥቶ እንዴት ያስረክበኛል?

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉሃል ይሄ ነው። ስለ ዳዶ ስጠይቅህ ስለ እግር ትነግረኛለህ።

እረፍቴን የማገኘው ጁን 27 ነው። ያን ጊዜ እመጣለሁ፣ ዘንጉን አነሳለሁ፣ እማን እስማለሁ፣ በሁለቱም እግሮቿ ቆማ ሻድ ትጠብስልኛለች። ከዚያ በፊት ብታፏጭልኝም አልነሳም።

ሎገን


ቻትስዎርዝ
ጁን 8 ቀን 1987

ሎገን፣

ይሄን ደብዳቤ የምጽፈው እማ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ነው። ያንተን አነበብኩላት። ስድቡን ልዘለው ስል «አትዝለል» አለችኝ። ሲያልቅ «ልጁ ልክ ነው» አለች። «እኛ ለራሳችን የሚመቸንን ስንነግረው ነው የኖርነው። የሚያዋርድህን እውነት ካልነገርከው ሌላውን አያምንህም።»

እንግዲህ ያው።

ክዳኑን እኔ ነኝ ያዞርኩት። አንተ ቁርስ ልትበላ ስትገባ ግቢ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ አየሁት። ጥሩ ሥራ ነበር። ቀደም ብሎ ጎረቤታችን በአጥር በኩል አይቶት «ቧንቧ ሠራተኛው አንተ ነህ ወይስ ወንድምህ?» ብሎኝ ሄዷል። እንከን ፈልጌ አጣሁበት። ያገኘሁት ምክንያት ዳገት ስንወጣ ዘንጎቹ በኋላ በኩል ይወጣሉ የሚል ብቻ ነበር፤ ከኋላ ክዳን እያለ እንደማይወጡ ደግሞ አውቃለሁ። ቢሆንም ዳዶዎቹን ፈትቼ ቱቦውን አዞርኩት፣ ክዳኑን ወደ ፊት። እኔም እጄን እንዳስገባበት ብዬ ነው። ሲጠየቅ «እኔ ነኝ ያስተካከልኩለት» ልል።

ዳዶዎቹን በእጄ መልሼ መፍቻውን ላነሳ ስል እማ ከወጥ ቤት «ታቫ፣ ሻይህ በረደ» ብላ ጠራችኝ። ገባሁ። ሻዬን ጠጣሁ። ረሳሁት። ኢሎቮ ላይ ክዳኑ ሲበር አንተ ካየኸው በፊት ምን እንደሆነ አውቄያለሁ። ከመኪናው የወረድኩት ልናገር ነበር። ጎረቤቶቹ ሲሰበሰቡ ግን አፌ ሌላ ነገር ተናገረ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ልናገር እያልኩ ሦስት ዓመት ሞላኝ። ሰው «በራሪው ቱቦ» እያለ ሲስቅ አብሬ ስቄያለሁ።

ትናንት ይሄን ለእማ ስናዘዝላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «በወጥ ቤቱ መስኮት አይቼሃለሁ። ለሻይ የጠራሁህ እንድትተው ብዬ ነው።» ስለዚህ ዳዶውን ያስረሳኝ የእሷ ጥሪ ነው፤ እሷም ይሄን ስታውቅ ኖራለች። እኔ እስክናገር እሷ ትጠብቃለች፣ እሷ ዝም ስትል እኔ የማታውቅ መስሎኛል፤ አንተ ደግሞ እዚያ ማዶ ስሙን ተሸክመህ። ሳራስ ሰምታ ሁለታችንንም ከወጥ ቤቷ አባረረችን፣ እናቴን ከነተሽከርካሪ ወንበሯ።

ተዋረድ ካልክ ተዋረድኩ። ደብዳቤውን ለምትፈልገው አንብብለት። አሁን ግን የቀረውን እመን። እግሯ የለም። ሌላኛውም ጠቁሯል። ሐኪሙ ትናንት መጥቶ ሳምንት አለ፣ ወር አላለም። አባታችንን እኔ ለኩሻለሁ፤ እሱ የእኔ ነበር። ይሄኛው የእኔ አይደለም፣ እጄም አይነካውም። ባትመጣ ማን እንደሚለኩሳት አላውቅም።

መጫኛውን እንዳትረሳ። ማየት ትፈልጋለች።

ታቫ

(ከዚህ በታች በታሚል ፊደል፣ ወደ ታች በሚያዘነብል መስመር፦ በደንብ ብላ።)


ሌኔዥያ
ጁላይ 6 ቀን 1987

አና ታቫ፣

ለሳራስ ሰላምታ። የሐዘኑ አሥራ ስድስት ቀን እንዳለቀ ፊቴን አዙሬ መውጣቴን እንዳትቀየመኝ ንገራት። ከአንተ ጋር በአንድ ግቢ አሥራ ሰባተኛ ቀን ብንቆይ ሌላ ሐዘን ይሆን ነበር።

እኔና አንተ በእነዚያ ቀናት ከሃያ ቃል በላይ ስላልተነጋገርን፣ የምለውን እንደለመድነው በፖስታ እልልሃለሁ።

ይቅር አላልኩህም። ደብዳቤህ ጁን 12 ደረሰኝ፣ ሌሊቱን ነዳሁ፣ ደረስኩ፣ ሦስት ቀን አገኘኋት። እነዚያ ሦስት ቀናት ደግሞ ሦስት ወር ሊሆኑ ይችሉ ነበር። ማርች ላይ «እግሯ ተቆረጠ፣ ክዳኑንም ያዞርኩት እኔ ነኝ» ብትል አንድ ቴምብር ይበቃህ ነበር። እኔም አልጸዳሁም። ሩክሚኒ «እውነት ቢሆንስ?» ስትለኝ የቀለድኩት እኔ ነኝ። ያን ቀልድ በየምሽቱ እሰማዋለሁ።

እንደደረስኩ በወንበሯ አውጥተን መኪናው ጋ ስናደርሳት፣ አንተ በግራ እኔ በቀኝ ይዘን፣ ምን እንዳለች አንተ አልሰማህም፤ ፊትህን አዙረህ ነበር። እጇን ዘርግታ ቱቦውን እንደ ሐብሐብ አንኳኳችው። ከኋላ ያለውን ክዳን አየችና «ልክ ነው» አለች። ሌላ አላለችም። ከዚያ በረደኝ አለች፣ ገባን።

እሳቱን ለኮስኩ። ለመለኮስ ስጎነበስ ከኋላዬ ክርኔን የያዘኝ ሰው ማን እንደሆነ አላየሁም። አንተ ከነበርክ እንዳትነግረኝ።

አመዷን ወደ ኡምጌኒ ወንዝ አፍ ስንወስድ ቀድሜ የጫንኩትን ዘንጓን ከጣሪያው ላይ አላወረድነውም። ያን ዕለት ጠዋት ሰርዲኑ መግባቱ የእሷ ሥራ ይመስለኛል። ሰዉ ሁሉ በቅርጫት፣ በባልዲ፣ በቀሚሱ ጫፍ ሲዝቅ፣ እኛ የሐዘናችንን ነጭ ለብሰን ቆመናል። አንዷ ሴትዮ ባልዲዋን ሞልታ ብትዘረጋልህ «ዓሣ አንበላም፣ ሐዘን ላይ ነን» ስትላት ሰማሁ። ድፍን ዕድሜህን ሰርዲን መጥቶ ባዶ እጅህን ስትቆም አይቼህ አላውቅም። እዚያ ላይ ትንሽ አዘንኩልህ፣ ትንሽ ብቻ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ከቤትህ የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው፤ አንተ እንቅልፍ ላይ ነህ ብለውኝ። የመጀመሪያው መቶ ኪሎ ሜትር ላይ እንዳዘዝከኝ ወርጄ ዳዶዎቹን ዳሰስኳቸው። አልተነቃነቁም። ቫን ሪነን ዳገት ላይም ደገምኩ። ያው ናቸው። ቤት ደርሼ ዘንጉን ለማውረድ መጫኛውን ልፈታ ብል እምቢ አለኝ፤ ክዳኑ ራሱ ንቅንቅ አይልም። በእጄ ሞከርኩ፣ በመፍቻዬ ሞከርኩ፣ የጎረቤቴን ትልቁን መፍቻ ተውሼ ሞከርኩ። ያ «ላም ባልዋለበት» ያለኝ ሽማግሌ መጥቶ በሁለት እጁ ተንጠለጠለበትና «ይሄን ያጠበቀው ሰው ምን ሆኖ ነው?» አለኝ። እኔ እንዲህ አላጠብቅም። እዚህ አገር እንዲህ የሚያጠብቅ የለም። ሠላሳ ዓመት ቱቦ የቀጠለ እጅ ነው።

ሌሊቱን ሙሉ ተነስተህ ስምንቱንም ዳዶ ስታጠብቅ እንዳደርክ ገብቶኛል። ሦስት ዓመት ዘግይተሃል። ቢሆንም አጥብቀሃል።

የእማ ዘንግ እስካሁን በጣሪያዬ ላይ ነው። በየቀኑ እንደተሸከምኩት ሥራ እሄዳለሁ። ሰው ይስቅብኛል፣ ይሳቅ፣ ለምጄዋለሁ። ቱቦውን በመጋዝ እንድቆርጠው ሩክሚኒ መክራኝ ነበር፣ እምቢ ብያታለሁ። ያጠበቅከው አንተ ነህ። መፍቻህን ይዘህ ናና ፍታው።

ሎገን